የማይለወጥ ያልኩት ቁጥር

ሰኞ 3

ዝናቡ ገባ። የቢሮው ጣሪያ ጠረጴዛዬ አጠገብ ያፈሳል፤ የጽዳቷ ሴትዮ ባልዲ አኑራልኛለች። ጠብ ጠብ ሲል ስሰማ ዋልኩ።

ዛሬ አንድ ነገር አይቼ ለማንም አልተናገርኩም። ሆስፒታሉ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን የሚያቆይበት ክፍል አለው። እያንዳንዱ ሕፃን የመስታወት ማሞቂያ ሳጥን ውስጥ ነው፤ ገላው ላይ ሙቀቱን የሚለካ ስስ ሽቦ ተለጥፎለታል። የኛ ሥራ የሁሉንም ሙቀት በአንድ ትልቅ ስክሪን ላይ ማሳየት፣ አንዱ ከልኩ ሲወርድ ወይም ሲወጣ ደወል ማስጮኽ ነው። ገና በሙከራ ላይ ስለሆነ ነርሶቹ አሁንም በእጃቸው እየለኩ ይጽፋሉ። ከሰዓት በኋላ የሁለተኛው ሳጥን ቁጥር በአምስተኛው ሳጥን ቦታ ላይ ብቅ አለ። ዓይኔን ጨፍኜ እስክገልጥ ጠፋ።

ደክሞኝ ነው ብዬ ወጣሁ። ግን እኔ ስለደከመኝ ቁጥር ቦታ ይለውጣል እንዴ?

ረቡዕ 5

አልደከመኝም። ዛሬም ደገመው።

ሐሙስ 6

ለአለቃችን ነገርኩት። ቢሮ ውስጥ «መቶ በመቶ» ነው የምንለው፤ የማያውቀውን ነገር ሁሉ መቶ በመቶ እርግጠኛ ሆኖ ስለሚናገር። ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ሰማኝ።

«ስንት ጊዜ አየሽው?»

«ሁለት ጊዜ።»

«በዚህ ሁሉ ሳምንት ሁለት ጊዜ?»

«የአንዱ ሕፃን ሙቀት በሌላው ቦታ ነው የወጣው። እየቀዘቀዘ ያለ ልጅ ስክሪኑ ላይ ደህና ከሆነ ማን ዞር ብሎ ያየዋል?»

«እኔ የምልሽ፣ ይኼ የመረጥሽው የፕሮግራም ቋንቋ ጣጣ ነው። ሰው እንደሚጽፈው ጻፊ ብዬ ነግሬሽ ነበር። አንቺ የፍልስፍና ቋንቋ ይዘሽ መጣሽ። መቶ በመቶ እሱ ነው።»

ደሜ ፈላ። እዚያ መናገር ያቃተኝን እዚህ ልናገረው፤ ደብተር እንደሆነ መሃል ላይ አያቋርጠኝም። ሥራችን ሁለት ፎቅ ነው። ታችኛው ሽቦዎቹን የሚያናግረው ላይብረሪ ነው፤ ሌላ ፕሮግራም እየጠራ የሚገለገልበት የተዘጋጀ ኮድ። በሲ ቋንቋ ተጽፎ ድርጅቱን ስምንት ዓመት አገልግሏል። ላይኛው የኔ ነው፤ በፈንክሽናል ቋንቋ የጻፍኩት። በዚህ ቋንቋ አንድ ቁጥር አንዴ ከተመዘገበ በቃ፣ ማንም አይነካውም። ሌላ ካስፈለገ ሌላ ይሠራል እንጂ የነበረው አይለወጥም። የመረጥኩትም ለዚህ ነው፤ የሕፃን ሙቀት ከተለካ በኋላ ማንም እጁን እንዳይሰድበት። በሁለቱ ፎቆች መካከል እንደ ድልድይ የሚያገለግል ትንሽ ኮድ አለ፤ እሱንም እኔ ነኝ የጻፍኩት። ገጽ አይሞላም።

ታችኛውን የጻፈው ወንድሜ ነው። አሁን ድርጅቱ ውስጥ የለም። ይኼ ደግሞ ከጉዳዩ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም።

እሑድ 9

እማዬ ጋ ምሳ በላሁ። ወንድሜ ማለዳ መጥቶ ሄዷል አለች። እኔ እሑድ ምሳ ላይ እንደምመጣ ስለሚያውቅ ማለዳ መምጣት ጀምሯል። ይመቸው።

«ስላንቺ ምንም አልጠየቀኝም» አለች እማዬ፣ እኔ ሳልጠይቃት። «ብቻ፣ በዚህ ዝናብ ያንን ስስ ጫማዋን ነው ወይ የምታደርገው አለ። አሁንም ሌሊት ሌሊት ነው ወይ የምትሠራው አለ።»

ምንም አለመጠየቁ አልገረመኝም። እኔም አልጠየቅኩም። አሳንሰር የሚጠግን ድርጅት ውስጥ ገብቶ ቀኑን ሙሉ ሲወጣና ሲወርድ ስለሚውል ከስቷል አለች። ድሮም ከሥጋ ሌላ ምግብ ላይ ሰነፍ ነበር። እኔ የተረፈኝን ሥጋ በጠረጴዛ ሥር ለሱ ሳቀብል እማዬ በላ ብላ ትደሰት ነበር።

ሰኞ 10

ተቻኩያለሁ። የስክሪኑ ምረቃ ቀን ተቆረጠ፤ ሐሙስ 27። እንግዶች ይመጣሉ፣ ካሜራ አለ፣ ሪባን አለ። ከዚያ በፊት የኃላፊው መሐንዲስ ፊርማ ያስፈልጋል። ኃላፊው መሐንዲስ እኔ ነኝ። ቁጥሩ ዛሬም ዘለለ፣ የቀኑ ሪፖርት እየታተመ ሳለ። ለምን ያኔ?

ማክሰኞ 11

ኮሪደር ላይ ሳልፍ የሻይ ክፍሉ በር ገርበብ ብሎ ባልደረቦቼ ያወራሉ፤

«ወንድሟ እያለ እኮ እንዲህ ያለ ነገር ተሰምቶ አይታወቅም።»

«እሱን አስወጥታ ነዋ።»

«ኧረ በራሱ ነው የለቀቀው።»

«ሰው በገዛ እህቱ አፍ እንደዚያ ከተባለ በኋላ ምን ሊሆን ይቆያል?»

በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼ «ደህና ዋላችሁ?» አልኳቸው። አንዱ ሻዩ ትን አለው።

እኔ ያልኩት ኮድህን ከአንተ ሌላ ሰው ሊያነበው አይችልም ነው። እውነት ነው፣ ዛሬም እለዋለሁ። ሰው ሁሉ የተሰበሰበበት መሆኑ አጋጣሚ ነው። እሱስ? «ሰው በሚተነፍስበት ቦታ በቅንጦት ቋንቋ አትጫወቺ» ያለኝ እሱ አይደል? ያንን ማንም አያነሣውም።

አርብ 14

ሕፃናቱ ክፍል ዋልኩ። የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር እጄን ሁለት ጊዜ አስታጥባ አስገባችኝ። ፀጉሯ ነጭ፣ ቁመቷ አጭር፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቅ ሴት ናት፤ ሐኪሞቹ ግን ስታልፍ መንገድ ይለቁላታል። የአምስተኛውን ሳጥን ልጅ አሳየችኝ። መዳፏ ከአውራ ጣቴ ጥፍር ብዙም አይበልጥም። ሽቦውን እየነቀለች ስላስቸገረች ነርሶቹ ቁጡዋ ብለዋታል።

«ልጄ፣ ማሽንሽ ዋሽቶ ያውቃል?» አለችኝ ሲስተር፣ ሽቦውን መልሳ እየለጠፈች።

አይ ማለት እችል ነበር። ምን ቆርጦኝ! «አዎ» አልኳት። «ሦስት ጊዜ ሲዋሽ ይዤዋለሁ። ለምን እንደሆነ ገና አላወቅኩም።»

ቀና ብላ ከመነጽሯ በላይ አየችኝ። «እስከ ዛሬ ማሽን ይዞ የመጣ ሁሉ ‹እንከን የለውም› ሲለኝ ነው የኖረው። እስክታውቂ ድረስ እኔ በእጄ ነው የምለካው፣ ለምረቃም ብለው ቢመጡ።»

ስወጣ ወደ አምስተኛው ሳጥን ሁለት ጊዜ ዞሬ አየሁ። ልጅ ሳይኖረኝ በሰው ልጅ እንዲህ መሆኔ ምን ይሉታል። እንግዲህ ይበሉት።

ሰኞ 17

ያዝኩት! ያዝኩት! ያዝኩት!

ቀስ ብዬ ልጻፈው። ፕሮግራሙን አንድ ቁጥር አንብቦ ወዲያው በሚቀጥለው መስመር ያንኑ ቁጥር እንደገና እንዲያነብ አደረግኩት። ሁለቱ ተለያዩ። በኔ ቋንቋ ይህ አይሆንም፤ ሊሆን አይችልም። የማይለወጥ ነገር ተለወጠ ማለት ከውጭ የገባ እጅ አለ ማለት ነው። ከውጭ ያለው ደግሞ አንድ ብቻ ነው፣ የታችኛው ፎቅ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በኔ ቋንቋ ውስጥ ጠራጊ አለ። ሜሞሪው ሲሞላ ይነሣል፣ የማያስፈልገውን ይጥላል፣ የሚያስፈልገውን ደግሞ ሰብሰብ አድርጎ ወደ አዲስ ቦታ ያዛውራል። ሪፖርት ሲታተም ሜሞሪው ቶሎ ስለሚሞላ ያኔ ይበረታል። የኔ ኮድ ዕቃው የት እንደተዛወረ ሁልጊዜ ያውቃል፤ ጠራጊው ራሱ ይነግረዋል። ላይብረሪው ግን የዚህ ቤት ሰው አይደለም። አንብብልኝ ስለው ቁጥሩን የሚያኖርበትን አድራሻ እሰጠዋለሁ፤ አኑሮ ይመለሳል፣ አድራሻውንም ይረሳል። ወንድሜ ስለ አጠቃቀሙ በጻፈው መግቢያ ላይ በግልጽ «አድራሻ አልይዝም» ይላል። ውሸት! ይይዛል። ጠራጊው ዕቃውን አዛውሮ በቦታው የሌላ ሕፃን ቁጥር ሲያስቀምጥ፣ ላይብረሪው በያዘው አሮጌ አድራሻ መጥቶ እዚያው ላይ ይጽፋል። ሁለተኛው ሕፃን አምስተኛው ላይ የሚወጣው በዚህ ነው።

ለማረጋገጥ ጠራጊው ከእያንዳንዱ ንባብ በኋላ እንዲነሣ አስገደድኩት። አንዱን ሽቦ ሙቅ ውሃ ውስጥ፣ አንዱን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ከተትኩ። ለሳምንታት እያሳደድኩ አንዳንዴ ብቻ ያገኘሁት ስሕተት ሻዬ ሳይቀዘቅዝ መጣ። ደግሜ አስጀመርኩት፣ ደግሞ መጣ።

ስለዚህ የወንድሜ ነው። ከላይ እስከ ታች የሱ ነው። ድልድዩን ስጽፍ ጠራጊው የማይደርስበት ቦታ ላይ አድራሻ ልሰጠው እችል ነበር፤ ማንኛውም መማሪያ እንደዚያ አድርጉ ይላል። ግን አልይዝም ብሏል እኮ። ወንድም አልይዝም እያለ ምን ብዬ ልጠርጥር? ደውዬ ልጠይቀው? ያኔ? ወይ ፍንክች።

ማክሰኞ 18

መቶ በመቶ ሁሉንም ሰማኝ። ዕውቀቴን ስላላደነቀ ተናድጄ አይደለም የምጽፈው፤ ያመጣቸውን መፍትሔዎች እንዳልረሳቸው ነው።

«ጠራጊውን አጥፊዋ።»

«ካጠፋሁት ሜሞሪው ሞልቶ ማሽኑ ቀጥ ይላል።»

«በየሌሊቱ አጥፍተን እናስነሣው።»

«ሌሊት ሕፃናቱ መታመም ያቆማሉ?»

ሳቀ። የሚስቀው ሲናደድ ነው። «እሺ፣ በድንገት የሚዘል ቁጥር ሲመጣ ስክሪኑ ላይ እንዳይወጣ አድርጊ። ከዝላዩ በፊት የነበረውን አሳዪ። ማንም አያይም።»

«በድንገት የሚዘል ቁጥር እኮ የታመመ ልጅ ነው! ደወሉን የሠራነው ለሱ ነው!»

«ትፈርሚያለሽ ወይስ አትፈርሚም?»

«አልፈርምም።»

በሩን ሳልዘጋ ወጣሁ።

ሐሙስ 20

መቶ በመቶ ስልክ ላይ ነበር፤ ግድግዳው ስስ ነው። «የመሠረቱ ባለቤት አንተ አይደለህ እንዴ? ... ያንተም ፊርማ ይበቃል ... ቦታህ ክፍት ነው፣ ደመወዙንም እንነጋገራለን ... የእሷን ነገር ለኔ ተወው።»

ወንድሜን ነው። ወንድሜን!

ይፈርማል። ለምን አይፈርም? አሳንሰር ጉድጓድ ውስጥ ግራሶ ተቀብቶ ከመዋል ወንበሩ ይሻላል። እኔም ያለኝን ቃል አልረሳሁለትም፣ እሱም ያልኩትን አልረሳልኝም። ይፈርም። እኔ ግን ስክሪኑ ፊት ቆሜ እናገራለሁ፤ አፌን የሚይዝ ካለ ይሞክር።

ቅዳሜ 22

ለብቻዬ ማስተካከል ጀመርኩ። ጠራጊው የማይደርስበት ቦታ ለላይብረሪው መስጠት ቀላል ነው። ግን እሱ መቼ መጥቶ እንደሚጽፍ ካላወቅኩ ግማሹ የተጻፈ ቁጥር ላነብ እችላለሁ። ኮዱን ስከፍተው ደግሞ ስሞቹ ሁሉ አንድ ፊደል ናቸው። ያልኩት ይኸው ነበር! የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው።

አልደውልም።

ደወልኩ። አላነሣም። እሰይ፣ እንኳን አላነሣ።

ሰዓት ቆይቶ መልሶ ደወለ። ዕቃ እያጠብኩ እጄ እርጥብ ስለነበር አላነሣሁትም። ጨርቅ አጠገቤ ነበር፣ እሱ እውነት ነው።

እሑድ 23

እማዬ ገና ከመግባቴ «አለቃሽ ወንድምሽን ሥራ ተመለስ አለው» አለችኝ።

«ሰምቻለሁ።»

«ምን ልበለው ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ስለ ማሽን ምን አውቃለሁ? እህትህን ጠይቃት አልኩት።»

«ምን አለ?»

«ዝም አለ። ልክ አሁን አንቺ ዝም እንዳልሽው።» ሳህኔን አነሣች። «ሁለት ዱዳ ነው የወለድኩት። ስትናገሩም ሰው ታቆስላላችሁ፣ ስትተዉም እኔን ታቃጥላላችሁ።»

እማዬን ማስከፋቴ አንጀቴን በላው። አቋሜ ግን ያው ነው።

ረቡዕ 26

ዛሬ የሆነውን በሙሉ እጽፋለሁ፣ እስኪነጋም ቢሆን።

ለነገው ምረቃ ልምምድ ሕፃናቱ ክፍል ተጠራን። ስገባ ወንድሜ ስክሪኑ ፊት ቆሟል። የሥራ ቱታውን ሲስተር አስወልቃ የክፍሉን ነጭ ጋውን አልብሳዋለች፤ እጅጌው አጥሮት እስከ ክርኑ የታጠበ ክንዱ ይንጠባጠባል። እውነትም ከስቷል። ሰላም አላለኝም፣ እኔም አላልኩትም።

«እንግዲህ የመሠረቱ ባለቤት መጥቷል» አለ መቶ በመቶ፣ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ እየዘረጋ። «እህቱ ከጨነቃት እሱ ይፈርማል። ላይብረሪውን መቶ በመቶ የሚያውቀው እሱ ነው።»

ወንድሜ ወረቀቱን አላየውም። ወደኔ ሳይዞር «አሳዪኝ» አለኝ።

ሲስተር ሁለት ኩባያ አመጣችልኝ፣ አንዱ ሙቅ ውሃ፣ አንዱ ቀዝቃዛ። ባዶ ከነበሩት ሳጥኖች ሁለት ሽቦ ወስጄ ከተትኩና ጠራጊውን አስነሣሁት። ሁላችንም ቆመን ጠበቅን። ሙቁ ሠላሳ ስምንት፣ ቀዝቃዛው ሃያ ላይ ነበር። ከዚያ ቀዝቃዛው ሠላሳ ስምንት ሆነ። ጣቴን ቀዝቃዛው ኩባያ ውስጥ ነከርኩ። ወንድሜም መጥቶ ነከረ።

«አድራሻውን ይዞ ቀርቷል» አለ ቀስ ብሎ።

«አልይዝም ብለህ ነው የጻፍከው።»

«ስጽፈው አይዝም ነበር። በኋላ ማሽኑ ይዘገያል፣ ምረቃ ደርሷል፣ ፍጠን ተባልኩ። ቁጥሩን ከማመላለስ አድራሻውን ይዤ በቀጥታ ልጻፍበት አልኩ። በሲ ዕቃ ካኖርክበት አይንቀሳቀስም፣ ማን ይጎዳል ብዬ። መግቢያውን ነገ አስተካክላለሁ አልኩ፤ ነገ ሌላ ሥራ መጣ።» ከዚያ ወደ መቶ በመቶ ዞረ። «ያኔም ምረቃ ነበር። ፍጠን ያሉኝም እርስዎ ነዎት።»

መቶ በመቶ ጉሮሮውን ጠረገ። «ያለፈ ነገር እዚህ ምን...»

«ስለዚህ የኔ ነው» አለ ወንድሜ።

ይህችን ቃል ስጠብቅ ነው የከረምኩት። ስትመጣ ግን ደስ አላለችኝም። እዚያ አጭር ጋውን ውስጥ ቆሞ ሳየው አሳዘነኝ።

«ድልድዩ ደግሞ የኔ ነው» አልኩ። «ስለዚህ እሱም አይፈርም፣ እኔም አልፈርምም።»

መቶ በመቶ ፊቱ ቀላ። «እናንተ ሁለታችሁ ናችሁ እንዴ እዚህ የምትወስኑት? ነገ ትልልቅ ሰዎች ይመጣሉ! አልፎ አልፎ የምትመጣ አንዲት ስሕተት ይዛችሁ ነው? ነገሩ ይሠራል አልኩ፣ መቶ በመቶ ይሠራል!»

ሲስተር እስከዚያ ድረስ ጀርባዋን ሰጥታን ለአንዱ ሕፃን የሽንት ጨርቅ ትቀይር ነበር። ጨርሳ፣ የሳጥኑን መስኮት ዘግታ፣ እጇን ታጥባ መጣች። አልቸኮለችም።

«መቶ በመቶ ይሠራል አሉኝ?»

«አዎ ሲስተር፣ መቶ በመቶ።»

ከደረት ኪሷ እስክሪብቶ አውጥታ ሰጠችው። «እንግዲያው እርስዎ ይፈርሙልኝ። ስምዎን ጽፈው ይፈርሙ፤ አንድ ልጅ ቢቀዘቅዝብኝ እናቷን ወደ ማን እንደምልክ ልወቅ።»

ተቀበላት። ወደ ወረቀቱ ጎንበስ አለ። እስክሪብቶው ወረቀቱን ሊነካ ጥቂት ቀርቶት ቆመ። ከሳጥኖቹ አንዱ ውስጥ አንድ ሕፃን በቀጭን ድምፅ አለቀሰ። መቶ በመቶ ቀና አለ፣ ሰዓቱን አየ፣ እስክሪብቶውን ኪሱ ከቶ ወደ በሩ ሄደ።

«እስክሪብቶው የኔ ነው» አለችው ሲስተር።

መልሶ ሰጣት።

ሐሙስ 27

በጠፋ ስክሪን ፊት ሪባን ተቆረጠ። «በመጨረሻ ፍተሻ ላይ ያለ ዘመናዊ ሥርዓት» ተባለ። እንግዶቹ ሕፃናቱን በመስታወት አይተው ሄዱ፤ ደስ ብሏቸዋል።

ማታ ላይ ከመቶ በመቶ መልእክት መጣልኝ። እስክትጠሪ ድረስ ቢሮ እንዳትመጪ ይላል። ይሁና። ባልዲውን ያፍስሱት።

ሐሙስ 4

አዲስ ወር። የእማዬ የምግብ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ላፕቶፕ፣ ሁለት ግትር ሰው። ወንድሜ ከሥራው እንደወጣ ይመጣል።

እሱ አድራሻ መያዙን አልተውም አለ፤ ፍጥነቱ ከዚያ ነው የሚመጣው። እኔ ያየሁትን ሁሉ ገልብጬ ወደ ቤቴ ካላስገባሁ አልስማማም አልኩ። ተጯጯህን። በመጨረሻ ተገናኘን፤ እኔ ጠራጊው የማይረግጠው ቦታ እሰጠዋለሁ፣ እሱ እዚያ ጽፎ ሲጨርስ ያሳውቀኛል፣ እኔ ያኔ ብቻ ገልብጬ እወስዳለሁ። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ የኔ ነው፣ ማንም አይነካውም።

«እሱን ያኔ ብትነግሪኝ በአንድ ቀን እንጨርሰው ነበር» አለ።

«ያኔ አኩርፈህ ነበራ።»

«ሰው ፊት ነው እንደዚያ ያልሽኝ።» ዓይኑን ከስክሪኑ አላነሣም። «ብቻዬን ብትነግሪኝ ችግር አልነበረውም።»

«ይነበባል ካልክ እስቲ ይህቺን የራስህን መስመር አንብብልኝ።»

አየ። ቀረበ። እንደገና አየ። «ይቺን ... ይቺን ማን ነው የጻፋት?» አለ። ሁለታችንም በሳቅ ወደቅን፤ እማዬ ምን ሆናችሁ ብላ ከጓዳ ወጣች። ይቅርታ ማለት አማረኝ፣ ሳልል ቀረሁ። ራት ላይ ሥጋዬን በሙሉ ሳህኑ ላይ ገለበጥኩለት፤ ጠረጴዛው ላይ፣ እማዬ እያየች።

ቅዳሜ 13

ጠራጊው ሳያቋርጥ እየተነሣ ማሽኑ ቀንም ሌሊትም ይሠራል። ቀዝቃዛው ኩባያ ቀዝቃዛ ነው። እኔና እሱ ተራ እየገባን ውሃ እንቀይራለን።

ሰኞ 15

መቶ በመቶ ደወለ። ሆስፒታሉ ያለ ሁለታችን ፊርማ ስክሪኑን አልረከብም ብሎ አስታውቆታል። የማን እጅ እንዳለበት አውቃለሁ፤ ያ እጅ በደንብ የታጠበ ነው።

«መቼ ትመጫለሽ?» አለኝ።

«ሲያልቅ።»

«መቼ ያልቃል?»

«ሲያልቅ።»

«ቁርጡን ንገሪኛ።»

«ልክ ሲሆን እደውልልዎታለሁ። እስከዚያ አይደውሉ፣ ሥራ ያስፈታኛል።»

እማዬ ሰምታ «ትልቅ ሰው እንዲህ አይባልም» አለችኝ። ይባላል።

ሐሙስ 18

ፈረምን። ወንድሜ «ታላቅ ስለሆንኩ እኔ ከላይ ልፈርም» አለ። «የኔ ፎቅ ነው ከላይ» ብዬ ቀደምኩት።

ማክሰኞ 23

ጠዋት ጫማዬን እያሰርኩ ስልኬ ጠራ። ሲስተር ናት። በዚህ ሰዓት ደውላልኝ ስለማታውቅ የጫማዬን ክር ለቅቄ አነሣሁት።

«ጮኸ» አለችኝ።

«የቱ?»

«ትናንት ማታ የተወለደች ልጅ አለች፣ ከሁሉም ትንሿ። ንጋት ላይ ደወሉ ጮኸ። የማሞቂያዋ ሶኬት ላልቶ ኖሮ ሳጥኑ ቀስ በቀስ ይቀዘቅዝ ነበር።»

«ቁጥሩስ? የእሷ ነው? የሌላ እንዳይሆን ...»

«የእሷው ነው። ነርሷ ሶኬቱን እንዳጠበቀች በእጇ ለክታ አየች፣ ያው ነው። አሁን ሞቃለች፤ እናቷ ደረት ላይ ናት።»

ግድግዳውን ተደግፌ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

«ነርሷ አዲስ ልጅ ናት፣ ከኔ ተምራ ማሽን አታምንም» አለችኝ። «መጀመሪያ ልመርምር ብትል ደቂቃ ታጠፋ ነበር። ዛሬ ግን ቁጥሩን አምና ነው ወደ ሳጥኑ የሮጠችው።»